ከአራዳ ገበያ እስከ ምክር ቤት፤ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ታሪክ በአጭሩ

ከተማ የሰዎች መከማቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሹምም፣ ምክር ቤትም፣ ደንብም ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን ብዙ ሕዝብ በጠባብ ስፍራ በተጎራበተ ጊዜ አንዱ የጣለው ጥራጊ ለሌላው ሕመም፣ አንዱ ያጠረው አጥር ለሌላው የመንገድ መዝጊያ፣ አንዱ የለኮሰው እሳት ለሰፈሩ ሁሉ ጥፋት ይሆናል። የገጠር ሰው ከጎረቤቱ ጋር የተጣላበትን ነገር በሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ይጨርሰዋል። የከተማ ሰው ግን ጎረቤቱን በስም እንኳ ላያውቀው ስለሚችል ከሽምግልናው በላይ ሁሉን እኩል የሚያስተዳድር ደንብ ያስፈልገዋል። ይህን ደንብ የሚያወጣው ማን ነው? የሚያስፈጽመውስ? ወጪውንስ ማን ይከፍላል? የማዘጋጃ ቤት ታሪክ ሁሉ የሚነሣው ከነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ማዘጋጃ ቤት የሚለውን ስም ሁላችንም በየዕለቱ እንጠራዋለን። ካርታ ያጣም፣ ግብር የሚከፍልም፣ የልደት ምስክር ወረቀት የሚሻም መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ስም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ቤት ከየት እንደ መጣ፣ በምን መልክ እንደ ቆመና ስንት ጊዜ ፈርሶ እንደ ተሠራ የምናውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአገራችንን ዋና ከተማ የአዲስ አበባን ታሪክ ምሳሌ አድርገን ሦስት ነገሮችን በየዘመኑ እንመረምራለን። አንደኛው፣ የከተማውን ሹም የሚሾመው ማን ነበር? ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ከየት ይገኝ ነበር? ሦስተኛው፣ ባለጉዳይ አቤቱታውን ይዞ የሚቆመው በማን ደጅ ነበር? እነዚህን ሦስቱን የተረዳ ሰው የማናቸውንም ከተማ አስተዳደር አቋም ለመረዳት አይቸገርም ብለን እናምናለን።

አስቀድመን ስለ ሹመቱ ስም ጥቂት እንበል። ከንቲባ የሚለው ማዕረግ ከአዲስ አበባ መቆርቆር በፊት የነበረ የአገር ውስጥ ማዕረግ ነው። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የከተማዋ ሹም ከንቲባ ይባል ነበር፤ በሌሎችም የሰሜን አገሮች ይኸው ስም ለአካባቢ ሹማምንት ይሰጥ እንደ ነበር ይታወቃል። ስለዚህ ምክር ቤትና የማዘጋጃ ቤት ደንብ በኋላ ዘመን ከውጭ አገር ሥርዓት ጋር እየተዛመዱ የመጡ ቢሆኑም፣ ከተማ ራሱን የቻለ ሹም ያስፈልገዋል የሚለው አሳብ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በፍል ውሃው አጠገብ ስትቆረቈር ስሟን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ እንደ ሆኑ የታወቀ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን አንድ ከተማ ነበረች ከማለት ይልቅ ቤተ መንግሥቱን የከበቡ የብዙ ሰፈሮች ስብስብ ነበረች ማለት ይቀላል። ንጉሡ ለየመኳንንቱ ስፍራ ይሰጣሉ፤ መኰንኑም ከነሠራዊቱ፣ ከነቤተ ሰቡና ከነአሽከሮቹ በዚያ ይሰፍራል። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው። በሰፈሩ ውስጥ ጠብ ቢነሣ ዳኛው የሰፈሩ ጌታ ነው፤ የሰፈሩ ሰው የሚተዳደረውም በጌታው ርስትና ጉልት ገቢ ነው። ባለጉዳይም ደጅ የሚጠናው በጌታው አጥር ግቢ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ከላይ ያነሣናቸው ሦስቱም ጥያቄዎች አንድ መልስ ብቻ ነበራቸው።

ከዚህ አጥር ውጭ የነበረ አንድ ስፍራ ግን አለ፤ እርሱም ገበያው ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአራዳ የሚውለው ገበያ ከየአገሩ የመጣውን ነጋዴ፣ የአገሩን ሰውም የውጭውንም፣ ያገናኝ ነበርና የየትኛውም ራስ ወይም ደጃዝማች ሰፈር ሊሆን አልቻለም። ስለዚህ ገበያው የራሱ ሹም ነበረው፤ እርሱም ነጋድራሱ ነው። ነጋድራሱ ቀረጥ ያስከፍላል፣ በነጋዴዎች መካከል ይዳኛል፣ የገበያውን ጸጥታ ያስጠብቃል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ስማቸው የገነነው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ይህን ሥራ የሠሩ ሲሆኑ፣ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች በተሾሙ ጊዜም የንግድ ሚኒስትርነቱን ያገኙት እርሳቸው ነበሩ። የአዲስ አበባ የከተማ አስተዳደር ዘር የተዘራው ከግቢው ይልቅ በገበያው ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ጌታና አሽከር ያልሆኑ ሰዎች በአንድ ደንብ ሥር የተዳኙት፣ ለጋራ ሥርዓትም ከኪሳቸው የከፈሉት በዚያ ነውና።

ከተማዋ ሳትቆይ ከባድ ፈተና ገጠማት፤ እርሱም የእንጨት ማለቅ ነበር። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚሆነው ደን በዙሪያው ተመንጥሮ በማለቁ አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም በተባለው ስፍራ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ቀድሞ ቢሆን የንጉሥ ከተማ እንጨት ባለቀ ጊዜ ድንኳኑን ነቅሎ መሄድ ልማዱ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን የድንጋይ ቤት የሠሩ መኳንንት፣ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችና ነጋዴዎች ንብረታቸውን በአዲስ አበባ አፍስሰው ስለ ነበር ነቅሎ መሄዱ ቀላል አልሆነም። በዚህም መካከል ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ ሆኖ ተገኘና የማገዶው ችግር ተቃለለ። ከተማዋም ቋሚ ሆነች።

ቋሚ የሆነ ከተማ ደግሞ ቋሚ ሕግ ይፈልጋል። በ1900 ዓ.ም. በከተማው ያለ መሬት በግል ይዞታ እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲለወጥ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። መሬት የግል ከሆነ መለካት አለበት፤ የተለካው መመዝገብ አለበት፤ ለመዘገበውም መዝገብ ጠባቂ ያስፈልጋል። ከዚህ ጥቂት ቆይቶ ማዘጋጃ ቤት የተባለው መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ይህን የመሰለ ሥራ በበዛበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ከመሩት ሹማምንት መካከል ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ይገኛሉ። ከ1909 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ በብዙ መጻሕፍታቸው የምናውቃቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኃላፊነት ሠርተውበታል። እርሳቸውን ተከትለው ከመጡት መካከል ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል በከንቲባነት ለረጅም ጊዜ አገልግለዋል። ጸጥታውን የሚጠብቀው የአራዳ ዘበኛ የተባለው ጓድ ነበር።

የዚያ ዘመን ማዘጋጃ ቤት ከንቲባ እንጂ ምክር ቤት አልነበረውም። ከንቲባው ከላይ ይሾማል፣ ከላይ ይሻራል፤ የሚጠየቀውም ለሾመው ብቻ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የአገራችን ተረት የወጣው ሹመት ከሕዝብ ጋር ገመድ በሌለው ዘመን ነውና፣ ተረቱን ስንሰማ ከመሳቅ ይልቅ ምክንያቱን ብናስተውል ይሻላል። በሌላ በኩል ግን ከተማው ያለ ነዋሪው እርዳታ እንደማይጠበቅ ወዲያው ታይቷል። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ በፈጀ ጊዜ ሬሳ መቅበሩና ሰፈር ማጽዳቱ ከሹማምንት አቅም በላይ ሆነ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ጥራጊ እየተሰበሰበ የሚቃጠለው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደ ሆነ ይነገራል። ነዋሪው ማንም ሳያስገድደው በአንድ ቀን በአንድነት የሚፈጽመው ልማድ በመሆኑ በከተማችን ታሪክ ልዩ ስፍራ ይገባዋል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ፋሺስቶች ከተማዋን በሌላ አሳብ ሊያደራጁ ተነሡ። ንድፋቸው ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር የሚለይ ነበር። የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ፤ መርካቶ የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ነው። በዚህ ዘመን ነዋሪው ስለ ከተማው ምንም ድምፅ አልነበረውም። መንገዱ ቢሠራም የሚሠራው ለጌቶቹ እንጂ ለእርሱ አልነበረም። ከዚህ የምንማረው፣ ያማረ ጎዳናና የተሰመረ ንድፍ ብቻውን የከተማ አስተዳደር ሊባል እንደማይችል ነው።

ከነጻነት በኋላ ማዘጋጃ ቤት በሕግ የተጻፈ አቋም አገኘ። በ1934 ዓ.ም. ስለ ጠቅላይ ግዛቶች አስተዳደር በወጣው ድንጋጌ ስለ ከተሞች ጥቂት ከተነገረ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች ራሱን የቻለ አዋጅ ታወጀ። በዚህ አዋጅ አዲስ አበባና ጎንደር በከንቲባ፣ ሌሎቹ ከተሞች በከተማ ሹም እንዲተዳደሩ ተወሰነ። ለማዘጋጃ ቤቶች ምክር ቤት የተደነገገው እዚህ ላይ ነው። በምክር ቤቱ የሚቀመጡት በአንድ ወገን የየሚኒስቴሩ እንደራሴዎች ሲሆኑ፣ በሌላ ወገን የማይንቀሳቀስ ንብረት ካላቸው ነዋሪዎችና ከታወቁት ነጋዴዎች የተመረጡ ሰባት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና መብራት፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ገበያ፣ ስለ መሬት ካርታና ምዝገባ እንዲያስብ ታዘዘ። ቀረጥና ግብር የማስከፈል ሥልጣንም ተሰጠው። ይሁን እንጂ የበላይ ተቆጣጣሪው የአገር ግዛት ሚኒስቴር ነበር።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አዲስ አበባ የራሷ ቻርተር ተሰጣት፤ የምክር ቤቱም አባላት በከፊል በነዋሪዎች እንዲመረጡ ተደረገ። ከንቲባው ግን እንደ ቀድሞው በንጉሠ ነገሥቱ ይሾም ነበር። ለመምረጥና ለመመረጥም በከተማው ውስጥ ቤት ወይም መሬት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ግብር የሚከፍለው ባለንብረቱ ስለ ሆነ መምረጥም የእርሱ ነው የሚለው አሳብ በብዙ አገሮችም የነበረ ነው። ነገር ግን ከተማዋ የምትኖረው በባለንብረቶች ብቻ አልነበረም። ጎጆ ተከራይቶ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ፣ የባለሱቁ ተላላኪ፣ ከገጠር መጥቶ የሚማረው ተማሪም በዚያው ቧንቧ ይጠጣሉ፤ በዚያው ጭቃ ይሄዳሉ። ተከራዩ በኪራዩ ውስጥ ግብሩን ሲከፍል፣ በምክር ቤቱ ግን ስለ እርሱ የሚናገር አልነበረም።

የዚህ ዘመን ማዘጋጃ ቤት ለኪነ ጥበብም ባለ ውለታ እንደ ነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። ከነጻነት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ ሥር የተደራጀው የቴአትርና የሙዚቃ ክፍል በኋላ ለብሔራዊ ቴአትር መሠረት ሆኗል። በአርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ የተሠራውና በ1957 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቁ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃም የመሰብሰቢያና የቴአትር አዳራሽ የያዘ ነው። ይህ ሕንፃ ከቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል ይመለከታል። ባለጉዳይ ግን ወደ እርሱ የሚደርሰው ሽቅብ ወጥቶ ነበር።

ይህ ሥርዓት የተናጋው በ1966 ዓ.ም. አብዮት ነው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ኪራይም እንዲቀንስ ተደረገ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ትርፍ ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። በዚሁ አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ በተለመደው ስሙ ቀበሌ፣ ተመሠረተ። በ1969 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 104 ደግሞ ከቀበሌው በላይ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛው በላይ ማዕከላዊ ማኅበር እንዲኖር ተደነገገ። አዲስ አበባም በ25 ከፍተኛዎች ተከፈለች።

የዚህ ለውጥ ጥቅሙም ጉዳቱም ታላቅ ነው። ተከራዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የመምረጥ መብት አገኘ። ደጁም ቀረበው፤ ስኳርና ዘይት የሚገዛበት የሕብረት ሱቅ፣ ትንሽ ጠብ የሚዳኝበት ፍርድ ሸንጎ ከሰፈሩ ሆኑለት። ያው ቀበሌ ግን የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃ የሚያነግብበት፣ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ወጣቶች የታሰሩበትና የተገረፉበት ስፍራም ሆነ። ብዙ እናቶች ልጃቸውን ፍለጋ የቆሙት በዚያው፣ ስኳር ሊቀበሉ በተሰለፉበት ደጅ ነው። ከዚህም፣ የአስተዳደር ቅርበት ብቻውን በጎ ነገር እንዳልሆነ ተምረናል። ቅርብ የሆነ ሹም በሕግ ካልታሰረ ከሩቁ ይልቅ የከፋ ይሆናል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተቋቋመው ሥርዓት መሠረቱ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ነው። ይህ አንቀጽ አዲስ አበባ የፌዴራሉ መንግሥት ርእሰ ከተማ መሆኗን፣ ነዋሪዎቿ ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው፣ የከተማው አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት መሆኑንና ከተማዋ በኦሮሚያ ክልል መካከል በመገኘቷ የክልሉ ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ይደነግጋል። ይህን ተከትሎ በ1989 ዓ.ም. ቻርተር ወጣ፤ በ1995 ዓ.ም.ም ተሻሽሎ በአዋጅ ቁጥር 361 እንደገና ታወጀ። ድሬዳዋም በ1996 ዓ.ም. የራሷን ቻርተር አገኘች።

በዚህ አቋም መሠረት የበላዩ አካል በነዋሪዎች የሚመረጠው የከተማው ምክር ቤት ሲሆን የመቀመጫዎቹ ብዛት 138 ነው። ምክር ቤቱ ከንቲባውን ይመርጣል፤ ከንቲባውም ካቢኔውን ይመራል። የከተማ ነክ ጉዳዮችን የሚያዩ ፍርድ ቤቶችና የከተማውን ሒሳብ የሚመረምር ዋና ኦዲተር አሉ። ከሥር ደግሞ ክፍለ ከተሞች አሉ፤ ለብዙ ዓመት 10 ሆነው ቆይተው በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ሲጨመር 11 ሆነዋል። በየክፍለ ከተማው ሥር ያሉት ወረዳዎች የቀድሞውን የቀበሌ ሥራ የሚሠሩ ናቸው። በጽሑፍ ያለው ይህ ነው። በተግባር ግን የተጻፈው ሁሉ ሳይቋረጥ አልሄደም። በ1997 ዓ.ም. የተመረጡት የምክር ቤት አባላት መንበራቸውን ሳይረከቡ በመቅረታቸው ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. ከተማዋን የመራው በፌዴራሉ መንግሥት የተሾመ ባለአደራ አስተዳደር ነበር። ይህም ሹመቱ ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚለው የቆየ ጥያቄ በአንድ አዋጅ የሚዘጋ እንዳልሆነ ያስረዳል።

እንግዲህ ከመነሻችን ወዳነሣናቸው ሦስት ጥያቄዎች እንመለስ። የነጋድራሱ ዘመን ገንዘቡን ከተጠቃሚው ያገኝ ነበር፤ ሹመቱ ግን ከላይ ብቻ ነበር። የባለንብረቶች ምክር ቤት የከፋዩን ድምፅ ሰምቷል፤ ተከራዩን ግን ረስቷል። የቀበሌው ዘመን ደጁን አቀረበ፤ ሕጉን ግን ለጠመንጃ አሳልፎ ሰጠ። የዛሬው ቻርተር ሦስቱንም ባንድነት ለመያዝ የተጻፈ ነው፤ ነዋሪው ይመርጣል፣ ነዋሪው ግብር ይከፍላል፣ ወረዳውም በአቅራቢያው ይገኛል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ሦስቱን የሚያያይዘው ገመድ ነው። ግብር ከፋዩ ድምፁን የሰጠውን ሰው በስሙ ካላወቀው፣ ተመራጩም በመራጩ ሰፈር ካልታየ፣ ምክር ቤቱ በድምፅ ብዛት የቆመ ቢሆንም ከተሿሚ ጉባኤ ብዙ አይለይም። ውሃ በጠፋ ጊዜ ነዋሪው አሁንም የሚፈልገው የሚያውቀውን ሠራተኛ እንጂ የመረጠውን እንደራሴ ካልሆነ፣ ከራስ ሰፈር አጥር ገና አልወጣንም ማለት ነው።

ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም። እኛም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች የዚያው ገመድ ክፍል ነን። ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» ያልነው እንደ ሆነ ያሳጠርነው የአንድ ሰው ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ከ100 ዓመት በላይ ተለፍቶበት የተገኘው ሕዝብ በከተማው ላይ ያለው መብት ነው። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው የሮማን ሸንጎ የሚያስተምሩትን ያህል፣ የክፍለ ከተማቸውን ምክር ቤት እንዲያውቁ፣ የምክር ቤት አባላቸው ማን እንደ ሆነ ጠይቀው እንዲመጡ ቢያዟቸው ታላቅ ትምህርት ይሆናል። ተማሪውም ነገ በዚያ መንበር የሚቀመጥ ነውና፣ መንበሩ በስንት ድካም እንደ ተሠራ ዛሬ ቢያውቅ ለከተማውም ለራሱም ይበጀዋል።